መዶሻና ጉጠት የታተመበት ዲናር

ፊሌሮስ ዝሆን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በእጁ ያለፉት ዝሆኖች ግን ቢሰበሰቡ ከካፒቶል ኮረብታ እስከ ቲቤር ዳር ያለውን ሁሉ ረግጠው በጨረሱት ነበር። እያንዳንዱ ዝሆን የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ ኩምቢውን ሰቅሎ በብር ዲናር ላይ ቆሟል። በአንዱ ዓመት ዲናር እንዲያስመታ የተሾመው የባላባት ልጅ፣ ቅድመ አያቱ ከጦር ሜዳ ዝሆን ማርኮ ነበርና፣ ሮም ይህን ሳታውቅ ዳቦ እንዳትገዛ ፈለገ። በሚቀጥለው ዓመት የተሾመው ደግሞ አያቱ ድልድይ አሠርቶ ስለነበር ዝሆኑ ቀረና ድልድይ መጣ። ከዚያ ባለ አራት ፈረስ ሠረገላ፣ ከዚያ ኮከብ የደፉ ሁለት መንታ አማልክት፣ ከዚያ ሆዱን የቆረጠው የሚመስል ጢማም ሽማግሌ። ፊሌሮስ በማንም አያት ላይ ክፉ ተናግሮ አያውቅም። የራሱን ስለማያውቀው የሰው አያት አላስቀናውም። "ብቻ አፍንጫው አይርዘም፤ ረጅም አፍንጫ ማኅተም ያሰነጥቃል" ይል ነበር።

ልጅ ሳለ ከዴሎስ ገበያ ተገዝቶ የመጣ የመንግሥት ባሪያ ነው። ከዚያ በፊት የት እንደነበረ ሲጠይቁት "ይሞቅ ነበር" ከማለት በቀር የሚያስታውሰው የለም። ጣቶቹ ቀጫጭንና ፈጣን ስለነበሩ ከጁኖ ሞኔታ መቅደስ ጎን ላለው ዲናር መምቻ ቤት ሰጡት፤ እዚያም የጉጠት ሰው ሆነ። የጉጠት ሰው በቀኝ እጁ የጋለውን ብር በጉጠት ከምድጃው አንሥቶ ከታችኛው ማኅተም ላይ ያኖራል። በግራ እጁ ደግሞ የላይኛውን ማኅተም ጨብጦ በብሩ ላይ ይተክላል። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ መቀመጡን ሲያውቅ "ምታ!" ይላል፤ ባለ መዶሻውም ያወርደዋል። ቃሉ ቀድሞ ከወጣ ማኅተሙ ይንሸራተታል፤ መዶሻው ደግሞ የጀመረውን ጉዞ ስለማያቋርጥ ከእጅ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በዚያ ቤት ከጉጠት ሰው በቀር ይህን ቃል የሚናገር የለም። ለቀልድም፣ ለጠብም፣ ውሻ ለማባረርም አይባልም። አለቃው እንኳ ሰው ማስገረፍ ሲፈልግ "አንዱ ይህን ሰው ያስተናግደው" ይል ነበር እንጂ ቃሉን ከአፉ አያወጣም።

እንዲያም ሆኖ የጉጠት ሰው የቆየበት ዘመን የሚታወቀው ጣቱ ታይቶ ነው። አንዱ ሌባ ጣት የለውም፤ ሌላው ጨብጦ የማይዘረጋው መዳፍ አለው። የፊሌሮስ ጣቶች ግን ሙሉ ነበሩ። አዲስ ሰው ሲመጣ እጁን አይቶ "ትናንት ነው የገባኸው?" ይለዋል። ፊሌሮስ እጁን ይሰበስባል።

ለዚህ ምስጋናው የባለ መዶሻው የቢቱስ መሆኑን ያውቃል። ከአፉ ግን ወጥቶ አያውቅም። ቢቱስ ከጥራቂያ የመጣ፣ ጢሙ የቀላ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ ሰው ነው። ነጭ ሽንኩርት በጥሬው ይበላል፤ ከበላም በኋላ ፊት ለፊት ይተነፍሳል። እየሠራ ያንጎራጉራል፤ ዜማው አንድ ነው፤ እሱም ዜማ አይደለም። ፊሌሮስ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ከዚህ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲማረር ኖሯል። ሌላ ባለ መዶሻ ቢሰጡት ግን ሳምንት ሳይቆይ እንደሚሞት እርግጠኛ ነበር፤ ይህንንም እንደ ተጨማሪ ምሬት ይቆጥረው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በዝይ ነው። የጁኖ ዝይዎች ቅዱሳን ናቸው፤ ማንም አይነካቸውም፤ እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ ናቸው። አንድ ጠዋት ከመካከላቸው አንዷ ወደ ግቢው ገብታ ከቢቱስ በስተጀርባ ቆመችና ጮኸች። የዝይ ጩኸት ደግሞ የሞተ ሰው ያስቀምጣል። ከሰል የሚያመጡት ዘወር አሉ፤ ወናፍ የሚነፋው ዘለለ፤ ብር የሚመዝነው ሚዛኑን ለቀቀ። ቢቱስ ግን ነጭ ሽንኩርቱን እየላጠ ነበር። ዝይዋ ቀረብ ብላ እንደገና ጮኸች። እሱ ሌላ ሽንኩርት ጀመረ። በመጨረሻ ባቱን ስትነክሰው ነው የዘለለው።

"ይቺን ደግሞ ማን አስገባት?" አለ ባቱን እያሸ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊሌሮስ አልሳቀም። ለካ ይህ ሰው አይሰማም! ታዲያ እስከ ዛሬ "ምታ" ስለው የሚመታው በምን ሰምቶ ነው? በማግስቱ ለመፈተን ቃሉን በሆዱ ብቻ ተናገረ፤ አፉም አልተንቀሳቀሰ። መዶሻው በልኩ ወረደ። ያን ጊዜ ነው ቢቱስ የሚያየው የት እንደሆነ የገባው፤ አገጩን ነበር። ለካ ፊሌሮስ ቃሉን ሲናገር አገጩን ዝቅ ያደርጋል፤ ራሱም አያውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ተወውና አገጩን ብቻ በደንብ ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ለቢቱስ ምንም አላለውም። ቢቱስም ምንም አላለ። ስለ ነጭ ሽንኩርቱ መጣላታቸውን ግን አላቋረጡም።

ፊሌሮስ ዝም ያለበት ምክንያት ነበረው። መዶሻ ጆሮ ይበላል፤ ጆሮው መበላቱ የታወቀበት ባለ መዶሻ ደግሞ ድንጋይ እንዲፈልጥ ወደ ካባ ይላካል። ከድንጋይ ካባ ተመልሶ "እንዲህ ነው" ብሎ ያወራ ሰው እስካሁን የለም።

ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ፤ ለትሪፌራ። ትሪፌራ ነፃ የወጣች ሴት ናት፤ በኮረብታው መውጫ ሽምብራ ቀቅላ ትሸጣለች፤ ከፊሌሮስ ጋር ጎጆ ይዘው ይኖራሉ። የቀድሞ ሰውዋም የጉጠት ሰው ነበር። መዶሻ ግራ እጁን ከበላው በኋላ አለቆቹ ለሥራ አይሆንም ብለው ወሰዱት፤ የሞተበትን ቦታ እንኳ አልነገሯትም። ስለዚህ የቢቱስን ነገር ስትሰማ የሽምብራውን ጭልፋ ይዛ ቀረች።

"ደንቆሮ ነው? ባንተ እጅ ላይ መዶሻ የሚያወርደው?"

"ያያል እኮ።"

"እኔም አያለሁ! መዶሻ ይስጡኛ!"

"አንቺ ከሱ ትብሻለሽ፤ እየተቆጣሽ ነው የምትመቺው።"

"አትቀልድብኝ ፊሌሮስ። አንድ እጅ ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አልቀብርም። ለአለቃው ንገር፤ የሚሰማ ሰው ይስጡህ።"

"እሱስ?"

"እሱ ወንድሜ ነው? እሱ ባሌ ነው?" አለችና አለቀሰች። ፊሌሮስ ሴት ስታለቅስ ምን እንደሚደረግ ስለማያውቅ ሽምብራውን አማሰለላት።

በዚያ ዓመት ከተሾሙት የባላባት ልጆች አንዱ ቮልኬዩስ የሚባል ወጣት ነበር። ቮልኬዩስም እንደ ሰው ሁሉ አያቶች ነበሩት፤ ግን ሌሎች የቤተሰቡ ልጆች ቀድመው አያቶቹን በሙሉ በዲናር ላይ ጨርሰዋቸዋል። አያት ሲያልቅበት ዓይኑን በግቢው ውስጥ አንከራተተና አንድ ሐሳብ መጣለት። በአንዱ ገጽ ሞኔታ አምላክ ራሷ ትሁን፤ በሌላው ገጽ ደግሞ መሣሪያዎቹ፤ መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ የታችኛውን ማኅተም የሚሸከመው መስፍ፣ ከላይም የአንጥረኛው አምላክ ቆብ። ወሬው ሲሰማ ቤቱ ተናወጠ። ለዘመናት ሲሠሩት በኖሩት ነገር ላይ የራሳቸው ነገር ሊታተም ነው። ባለ መዶሻዎቹ የማን መዶሻ ይቀረጽ በሚል ተጣሉ፤ ሁለቱ እስከ መተናነቅ ደረሱ። ቀራጩ ነገሩን ለማብረድ ማንም የማይደፍረውን የቢቱስን መዶሻና የፊሌሮስን ጉጠት ወስዶ ከፊቱ አስቀምጦ ቀረጸ።

"ጉጠቴን ጠማማ አድርጎ ነው የቀረጸው" አለ ፊሌሮስ ማኅተሙን አይቶ።

"ጉጠትህ ጠማማ ነው" አለ ቢቱስ። አፉን እያየ ነበርና ሰምቶ የመለሰ ያህል ነበር።

የመጀመሪያው ዲናር የሚመታበት ቀን ቮልኬዩስ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። አለቃው ፓምፊሎስ ላቡን እየጠረገ ከኋላው ቆመ። ፓምፊሎስ እሱም ከባርነት የወጣ፣ ባለጌ ሳይሆን ፈሪ ሰው ነው፤ የሚፈራው ከበላዩ ያለውን ሁሉ፣ ከዚያም ከበታቹ ያለው የሚያመጣበትን ጣጣ ነው። ምድጃው ተነፋ፤ ብሩ ጋለ፤ ፊሌሮስ በጉጠት አነሣና ከታችኛው ማኅተም ላይ አኖረው። የላይኛውን ማኅተም ጨብጦ ገና ወደ ብሩ ሲያወርደው ቮልኬዩስ ደስታው ገነፈለና ክንዱን ዘርግቶ፦

"ምታ!" አለ።

በግቢው ውስጥ ያሉ ባለ መዶሻዎች ሁሉ ትከሻቸው ነዘረ። አንዱ ከመስፉ ሌላ ምንም በሌለበት መዶሻውን አወረደ፤ ቃሉን የሰማ ክንድ አስቦ አይወርድማ። ማኅተሙ በፊሌሮስ እጅ ውስጥ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ፊሌሮስ ጣቶቹን ለመሳብ እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ በሐሳቡ ተሰናብቷቸዋል። ቢቱስ ግን መዶሻውን እንዳነሣ አገጩን እያየ ቆሟል። በዓለም ላይ ምንም የተነገረ ነገር አልነበረም፤ ለእሱ።

ፊሌሮስ ማኅተሙን ተከለ። አገጩን ዝቅ አደረገ። መዶሻው ወረደ፤ ሮም አዲስ ዲናር አገኘች።

"ለምንድን ነው ስናገር ያልመታው?" አለ ቮልኬዩስ፤ ፊቱ ቀልቷል። "አልሰማኝም?"

"ጌታዬ፣" አለ ፊሌሮስ፣ "የባላባት ድምፅ ለምዶ አያውቅም። እንደ እርስዎ ያለ ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል።"

ቮልኬዩስ ይህን በጣም ወደደው። ለጓደኞቹ ደገመላቸው። ዲናሩን እያገላበጡ ወጡ። ፓምፊሎስ ግን አልወጣም። ቢቱስን ከኋላው ሆኖ "አንተ ቀይ ጢም" አለው፤ ዝም። "አንተ ነጭ ሽንኩርት" አለው፤ ዝም። ከዚያ ወደ ፊሌሮስ ዞረ።

"ነገ ጠዋት እናየዋለን" አለ።

ፊሌሮስ ማታ ከእራት በፊት ለትሪፌራ ሁሉንም ነገራት። በቢቱስ ጆሮ ምክንያት የገዛ እጁ እንደዳነ፣ በዚያው ጆሮ ምክንያት ደግሞ ሰውየው ሊጠፋ እንደሆነ። የዲናሩንም ነገር ነገራት፤ መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ መስፉ፣ ቆቡ።

"እጁስ?" አለች።

"የምን እጅ?"

"መዶሻውን የያዘው።"

"እጅ የለውም። መሣሪያው ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ማን ነው የሚመታው?" ብላ ጠየቀች። ከዚያ ክንዱን ያዘችው። "ነገ ምንም አታድርግ። ይኸው ነው የምለምንህ። ዋሽ አላልኩህም፤ አጋልጠው አላልኩህም። ዝም ብለህ ቁም። ዛሬ ዳንክ፤ ነገ ከነገ ወዲያ አገጭህ ላይ ዝንብ ቢያርፍስ?"

ፊሌሮስ እሺ አላት። እሺ ያለውም ከልቡ ነበር። እጁን ይወዳል፤ ሰው እጁን እንዲህ እንደሚወድ እስከዚያን ቀን አላወቀም ነበር።

ጠዋት ፓምፊሎስ ሌሎቹን ሁሉ ከግቢው አስወጣ። ቢቱስን ከመስፉ ፊት አቆመና እሱ ከጀርባው ሆነ።

"ዛሬ ቃሉን የምናገረው እኔ ነኝ" አለው ፊሌሮስን። "ማኅተሙን ትከል። ከተተከለ በኋላ እናገራለሁ። ከመታ ይሰማል ማለት ነው፤ ካልመታ ዛሬውኑ ወደ ካባ ይሄዳል። አንተ ደግሞ አገጭህ ንቅንቅ ካለች አብረኸው ነው የምትሄደው። እኔም ልጆች አሉኝ ፊሌሮስ፤ ለባላባት ልጅ ደንቆሮ አሰልፌ እኔ ልጠየቅ?"

"ምንድን ነው የሚለው?" አለ ቢቱስ፤ የፓምፊሎስን አፍ አላየም። ፊሌሮስ ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ።

ብሩን አነሣ። አኖረ። ማኅተሙን ጨብጦ ተከለ። ቢቱስ መዶሻውን ከፍ አደረገና እንደ ሁልጊዜው አገጩን ያይ ጀመር። ፊሌሮስ አገጩን ድንጋይ አደረገው። ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው። ከዚያ አዲስ ሰው ይመጣል፤ የሚሰማ፤ ነጭ ሽንኩርት የማይበላ። ትሪፌራ ትደሰታለች። ይህን ሁሉ እያሰበ በላዩ ያለውን የቢቱስን ፊት አየ፤ እምነት የሞላበት፣ ላብ ያጠመቀው፣ ሰፊ ፊት። ሰውየው ምን እንደሚጠበቅበት አላወቀም። የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ከፊሌሮስ ነው። ፊሌሮስ ይህን ሰው እንደሚወደው ያን ጊዜ አወቀ፤ ጊዜው የማይመች ነበር።

"ምታ!" አለ ፓምፊሎስ።

ፊሌሮስ ሁለት ዓይኖቹን ጨፈነ።

እጁ በመዶሻ ሥር ያለ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም። አብረው በሠሩበት ዘመን ሁሉ ቢቱስ የፊሌሮስን ዓይን በዚያች ቅጽበት ተዘግቶ አይቶት አያውቅም። ሌላ ሊሰጠው የሚችል ምልክት አልነበረውም፤ ይህንን ሰጠ። በጨለማ ውስጥ ሆኖ ጠበቀ። ማኅተሙ በእጁ ውስጥ ነጎደ፤ ክንዱ እስከ ትከሻው ደነዘዘ።

ዓይኑን ሲገልጥ እጁ ነበረ። ዲናሩም ነበረ፤ ጠማማ ጉጠቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጥቷል። ፓምፊሎስ አንሥቶ አየው፤ ቢቱስንም አየው፤ የፊሌሮስ አገጭ እንዳልተነቃነቀችም ራሱ አይቷል።

"ይሰማል" አለ። እንደ ተገላገለ ሰው ተንፍሶ ሌሎቹን ሊጠራ ወጣ።

ቢቱስ መዶሻውን አውርዶ ፊሌሮስን ትክ ብሎ አየው።

"ምን ሆነህ ነው?" አለው።

ፊሌሮስ አፉን ከፍቶ ቀስ እያለ፣ እንዲያየው አድርጎ ተናገረ። "ምልክቱ ገባህ። ጎበዝ።"

"የምን ምልክት?"

"ዓይኔን የጨፈንኩት።"

"ምልክት ነበር እንዴ? እኔ የሞትክ መስሎኝ ነው!" አለ ቢቱስ። "ቆመህ የሞትክ መስሎኝ ደንግጬ መዶሻው አመለጠኝ።"

ፊሌሮስ ከሰል መያዣው ቅርጫት ላይ ተቀመጠና ጣቶቹን አጥፎ ዘረጋቸው፤ አጥፎ ዘረጋቸው። ሳቅ መጣበት፤ ከሳቁ ጋር ሌላ ነገርም መጣና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ሲረጋጋ ተነሥቶ ቢቱስን በጢሙ ይዞ ፊቱን ወደ ፊቱ አዞረው።

"አትሰማም" አለው።

ቢቱስ ወደ መሬት ሊያይ ፈለገ፤ ጢሙ ተይዟል።

"አልሰማም" አለ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ጣትህን ትወዳለህ። ሌላ ሰው አምጡልኝ ትላለህ ብዬ።" ቀና ብሎ አየውና፣ "አንተስ ማወቅህን ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ለኔ እጅ ብለህ በገዛ እግርህ ወደ ካባ ትሄዳለህ ብዬ ነዋ፣ አንተ በሬ!"

ቢቱስ መዶሻውን ቀስ አድርጎ ከመስፉ ሥር አስቀመጠና እጁን በልብሱ ጠረገ። "ልክ ነህ" አለ። "እሄዳለሁ። ዛሬ በድንጋጤ ነው የዳንከው። ለፓምፊሎስ እነግረዋለሁ።"

ሊራመድ ሲል ፊሌሮስ ጎንበስ ብሎ መዶሻውን አነሣ። ይህን ሁሉ ዘመን ከሥሩ ሲኖር ይዞት አያውቅም፤ ወገቡን ሊቀነጥሰው ደረሰ። በሁለት እጁ ታቅፎ ሄደና ከቢቱስ ደረት ላይ አስደገፈው፤ ቢቱስ ካልያዘው በሁለቱም እግር ላይ ሊወድቅ ነው። ያዘው።

"ብሩ እየቀዘቀዘ ነው" አለው ፊሌሮስ። "አንድ ነገር ብቻ። ከእንግዲህ ዓይኔን ከጨፈንኩ አትምታ። የእውነት ሞቼ ሊሆን ይችላል።"

"አልመታም" አለ ቢቱስ፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ሌሎቹ ሠራተኞች እየተንጫጩ ወደ ግቢው ይገቡ ነበር። ፊሌሮስ የጋለ ብር አንሥቶ አኖረ፤ ማኅተሙን ተከለ፤ አገጩን ዝቅ አደረገ።